«በራሳቸው ዘግይተው ነው» ስለተባሉት የትርፍ አንጀት ሕሙማን

የሳቢያን ልጅ፦
ጋሽ ለገሃሬ ትናንት እዚሁ ቡድናችን ውስጥ «በኮሮና ጊዜ ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ ሆስፒታል የደረሱት በራሳቸው ዘግይተው ነው፤ በሩ አልተዘጋባቸውም» ብለው የጻፉትን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእህቴ ልጅ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጅ ነበር። እምብርቱ አካባቢ ሲያመው አደረ፣ በማግስቱ ሕመሙ ወደ ቀኝ የሆዱ ታችኛ ክፍል ወረደ፣ ሆስፒታል የደረሰው ግን በአራተኛው ቀን ፈንድቶ መግል ከቋጠረ በኋላ ነው። እናቱን «በራስሽ ዘገየሽ» ማለት ለእኔ ከባድ ነው።

ለገሃሬ፦
ልጄ፣ ስለ ልጁ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ቃሌን ግን አላነሳም። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማንንም ከሕክምና አልከለከለም። በዚያው ወር እኔ ራሴ ባለቤቴን ለስኳር ሕመሟ ይዤ እመላለስ ነበር፤ ድንገተኛ ክፍሉም ሌሊትና ቀን ይሠራ ነበር። ሰው የቀረው ፈርቶ ነው፤ ፈርቶ የቀረ ደግሞ በራሱ የቀረ ነው።

ሲስተር ከቀፊራ፦
ጋሼ፣ በዚያን ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ስለነበርኩ «በራሳቸው» የሚለው ቃል አላስቀምጥ ብሎኛል። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ሕመምተኛው ያስመልሰዋል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ መጠነኛ ትኩሳትም ይኖረዋል። በዚያ ሰሞን ደግሞ በየበሩ የሙቀት መለኪያ ግንባር ላይ ይደገን ነበር፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ወደ ለይቶ ማቆያ እወሰዳለሁ ብሎ ይሰጋ ነበር። ሕመሙ ራሱ ከሆስፒታል የሚያርቅ ምልክት ይዞ ሲመጣ ውሳኔው የሕመምተኛው ብቻ ነው እንዴት ይባላል? ድሬዎች ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በቺኩንጉንያ፣ በዚያ ትንኝ በሚያስተላልፈው የትኩሳት በሽታ፣ ስንሰቃይ አብዛኞቻችን ትኩሳቱን ፓራሲታሞል እየወሰድን ቤታችን ተኝተን አሳልፈነው ነበር። ያ ልማድ ገና ከእኛ አልወጣም ነበር።

ለገሃሬ፦
ሲስተር፣ ስለ ትኩሳቱ የጻፉትን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ለይቶ ማቆያን መስጋትም ፍርሃት ነው፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

የጀጎል ሰው፦
ከሐረር ልግባበት። በዚያ ዓመት ከብዙ አገሮች የወጡ ዘገባዎች ለትርፍ አንጀት ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ሰው እንደቀነሰ፣ ከመጡት መካከል ግን የፈነዳባቸው ድርሻ እንደጨመረ ያሳያሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቀላሉ ሕመም ያለበት ቤቱ ሲቀር የከባዱ ቁጥር ባይጨምርም ድርሻው ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ የፈነዳው ሁሉ ስለዘገየ ነው ማለት አይቻልም። ቤታቸው ከቀሩት አንዳንዶቹ ያለ ቀዶ ሕክምና የዳኑ ሊሆኑ ይችላሉ።

የሳቢያን ልጅ፦
ወንድሜ፣ «ዳኑ» የምትለውን ቃል በጣም እፈራዋለሁ። ይህን ያነበበ አንድ አባት ነገ ልጁን ጤና አዳም አጠጥቶ ቢያስተኛውስ? ወጌሻ ጠርቶ ሆዱን ቢያሳሸውስ?

የጀጎል ሰው፦
ቤት ተኙ አላልኩም፣ አልልምም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ውጤቱ ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት በቀዶ ሕክምና ፋንታ ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ከተሰጣቸው አዋቂዎች ከ10 ሦስቱ ያህል በ90 ቀናት ውስጥ ቀዶ ሕክምና እንዳስፈለጋቸው አሳይቷል። ያውም በምርመራ ተለይተው፣ በሐኪም ክትትል ሥር ሆነው ነው። የእኔ ክርክር የፈነዳባቸውን ድርሻ ስለምንቆጥርበት መንገድ ነው።

ሲስተር ከቀፊራ፦
አቆጣጠሩ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ ወይም ከዋሂል ተነስቶ መንገድ ላይ ያደረውን ሰው ያ ስሌት አይነግረንም። ከ36 ሰዓት በኋላ የመፈንዳት ዕድሉ እየጨመረ ስለሚሄድ ለእኛ ግማሽ ቀንም ብዙ ነው።

የሳቢያን ልጅ፦
ጋሼ፣ እንግዲያውስ አራቱን ቀናት ልንገርዎ፤ እህቴ «በራሷ» የዘገየችበትን ቀን እርስዎ ያሳዩኝ። በመጀመሪያው ቀን ቁርጠት መስሏት ዝንጅብል አፈላችለት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳት ሲጀምረው በየሬዲዮው በሚነገረው መሠረት ወደ ኮሮና የስልክ መስመር 8335 ደወለች፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠር እንዳለው ተጠየቀች፣ የለም ስትል ቤት ይቆይ ተባለች። በሦስተኛው ቀን ይዛው ወጣች፤ ትራንስፖርት በግማሽ እንዲጭን ታዝዞ ታሪፉ በጨመረበት ሰሞን ባጃጅ ስትለምን ቆይታ የደረሰችበት ጤና ተቋም በር ላይ ሙቀቱ ተለካ፣ ለብቻው እንዲቀመጥ ተደረገ፣ ሆዱን የነካው ሰው ግን አልነበረም። በአራተኛው ቀን ሌላ ሆስፒታል ወሰደችው፤ እዚያ ሆዱን የዳሰሰው ሐኪም በዚያው ሰዓት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገባው።

ለገሃሬ፦
የመጀመሪያው ቀን የእናትየዋ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ሦስተኛው ቀን የእሷ አይደለም፣ ይህንንም አልክድም። ስለ ሁለተኛው ቀን ግን አልተስማማንም፤ ስልክ ያነሳ ሰው ልጁን አላየውም፣ እናት ግን እያየችው ነበር።

ሲስተር ከቀፊራ፦
ጋሼ፣ ያየችውማ ትኩሳቱን ነው። በየሬዲዮው «ትኩሳት ካላችሁ ከቤት አትውጡ፣ ደውሉ» ስንላት የነበርነው ደግሞ እኛው የጤና ባለሙያዎች ነን። «ሆዱን በቀኝ በኩል ካመመው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ» ብለን አልጨመርንላትም።