1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 እያለ የሚቀጥለው ድምር ለምን አይቆምም? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው ያለሁት፤ ታናሽ እህቴን አስጠናለሁ። አሁን የያዝነው መገናኘትን (በእንግሊዝኛ convergence፣ ከተለያየ አቅጣጫ ተነስቶ ወደ አንድ መጠጋት) ነው፤ በየትምህርቱ አለ። ጂኦግራፊው ቀላል ነው። ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡ ነፋሳት ይገናኛሉ፤ አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ይዘንባል። ነፋሳቱ የሚገናኙበት ቀጠና በክረምት ወደ ሰሜን ሲጠጋ እኛ ጋ ዶፍ ነው። ባዮሎጂውም አያስቸግርም፤ ወፍና የሌሊት ወፍ ክንፍ ያወጡት በየራሳቸው መንገድ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ተመሳሳይ ሆኑ።

ሒሳቡ ላይ ግን ቆምን። 1/2 + 1/4 + 1/8 እያለ የሚቀጥለው ወደ 1 ይጠጋል፤ እሺ። 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 እያለ የሚቀጥለውስ? ቁጥሮቹ ወደ ዜሮ እየሄዱ ድምሩ ገደብ የለውም ይባላል። የመጀመሪያዎቹ 100 ቁጥሮች ሲደመሩ 5.19 ገደማ፣ 1,000ው ደግሞ 7.49 ገደማ ነው። የቆመ ይመስላል እኮ!

ድምሩ ገደብ እንደሌለው ቁጥሮቹን ቡድን ቡድን አድርጎ ማሳየት ይቻላል ይላሉ። ቡድኑ የት ተጀምሮ የት ያልቃል? ያለ ካልኩለስ የምታስረዱን ካላችሁ፣ እባካችሁ።