የካምፐሬ ወለል ስምጥ ይላል፣ ከላይ ኮምፔርሳቶ ብደርብበትስ?

የሲያትል ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው መስከረም ያገለገለ ተጎታች ካምፐር፣ ያ በመኪና የሚጎተተውን የመኝታ ቤት ገዛሁ። 22 ጫማ ነው፣ የ2006 ሥሪት። 4,500 ዶላር ከፈልኩበት፤ ያኔ ሎተሪ የወጣልኝ ነበር የመሰለኝ። ሻጩ "አንዲት ጠብታ አያስገባም" ብሎኛል። ከኅዳር እስከ መጋቢት የሲያትል ዝናብ ሲወርድበት ከረመ። ባለፈው ሳምንት በሩን ስከፍት እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ፊት ለፊት አልጋው ሥር ጥጉን ስረግጠው ወለሉ ስምጥ ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ቡኒ ካርታ ሠርቷል፣ በጣቴ ስጫነው እንደ ራሰ ዳቦ ገባ። ጓደኛዬ "አዲስ ኮምፔርሳቶ ከላይ ምታበትና ተገላገል" ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ልጆቼን እዚህ ሽታ ውስጥ አላስተኛም ብላለች። ሐምሌ ላይ ሬኒየር ተራራ ልወስዳቸው ቃል ገብቻለሁ። መዶሻና ድሪል አለኝ፣ ሙያ ግን የለኝም። ምን ትሉኛላችሁ?

አናጺ ነኝ፦
ወንድሜ፣ ጓደኛህን ከሰማህ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለት ወለል ታፈርሳለህ። የበሰበሰ እንጨት ብሎን አይዝም፣ እርጥበቱንም እዚያው አፍነህ ነው የምትዘጋበት።

እኔ አዲስ አበባ ስንት ዓመት ጣሪያ ስመታ ኖሬ እዚህ መጥቼ የመጀመሪያውን ካምፐር ስፈታ ሳቄ ነው የመጣው። አጥንቱ ከኛ ሞራሌ የቀጠነ እንጨት፣ ከውስጥ ስስ ኮምፔርሳቶ፣ ከውጭ አሉሚኒየም ወይም ፋይበርግላስ፣ መሀሉ ላይ ጥጥ መሳይ ነገር። ያ ጥጥ አንዴ ውሃ ከጠጣ አውጥተህ ጣለው።

መጀመሪያ ውሃው የሚገባበትን ፈልግ። የገባበትና የታየበት ቦታ አንድ አይደለም። ያንተ ፊት ለፊት ጥግ ላይ ስለሆነ የማዕዘኑን የአሉሚኒየም ክፈፍ፣ ከላይ ያሉትን ትንንሽ ብርቱካናማ መብራቶችና የመስኮቱን ዙሪያ እይ። ከዚያ በካቻቢቴ እንጨቱን ውጋው። ጤነኛ ከሆነ ይመልስሃል፣ ከበሰበሰ ሰተት ብሎ ይገባል። ጠንካራው ጋ እስክትደርስ ቁረጥ፣ እዚያም አትቁም፣ አንድ ስንዝር ጨምር፤ ፈንገሱ በዓይን ከሚታየው አልፎ ነው የሚሄደው። በጠርሙስ የሚሸጠው ማጠንከሪያ ፈሳሽ ለትንሽ ቦታ ነው፣ ሸክም ለተሸከመ እንጨት አይሆንም። ከመቁረጥህ በፊት መብራቱን አጥፋ፣ ባትሪውን ንቀል፣ የጋዝ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ እወቅ፣ ጭንብል አድርግ።

ሌላው፣ አይበሰብስም ተብሎ የሚሸጠውን በመድኃኒት የተነከረ እንጨት ከአሉሚኒየሙ ጋር አታገናኝ። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ውስጥ መዳብ አለበት፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ተራ ደረቅ እንጨት ይበቃሃል።

የሚኒሶታዋ፦
የኔን ስህተት አትድገመው። ጣሪያዬ ላይ ስንጥቅ አይቼ ሲሊኮን ገዝቼ ለቀለቅኩት። ጣሪያው ደግሞ ጎማ ነው፣ ኢፒዲኤም የሚሉት። ሲሊኮን አልያዘውም፣ በዓመቱ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሣ። የባሰው ነገር ሲሊኮን የነካውን ቦታ ሌላ ማሸጊያም እሺ አይለውም። እሱን ስፍቅ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። በቤንዚን ልጠርገው ስል ጎረቤቴ ነው እጄን የያዘኝ፣ ጎማውን ያሳብጠዋል ብሎ። አሁን ከክፈፉ ሥር ቡቲል ቴፕ የሚሉትን የሚያጣብቅ ማሸጊያ፣ ከላይ ለጎማ ጣሪያ የተሠራውን ዳይኮር የሚባል ማሸጊያ ነው የምጠቀመው። በዓመት ሁለቴ መሰላል ወጥቼ አየዋለሁ።

ደግሞ ሳይደርቅ አትዝጋው። የእርጥበት መለኪያ ግዛ፣ ርካሽ ነው። እንጨቱ ከ20 በመቶ በላይ ካሳየህ ገና ነው። እኔ ከ15 በታች እስኪወርድ ፋንና እርጥበት መጣጭ ማሽን 9 ቀን ሙሉ አስኬድኩ። የመብራቱን ሂሳብ ለባለቤቴ አላሳየሁትም።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ኧረ ሽጠው በቃ።

የሲያትል ልጅ፦
ለማን? እኔን እንዳደረጉኝ ላድርግ? ይቅርብኝ።

ቅዳሜ ከፈትኩት። አናጺው ልክ ነህ። የብርቱካናማው መብራት ማሸጊያ ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ልጄ ከውጭ በጎማ ውሃ ስታፈስበት እኔ ውስጥ ሆኜ በእጅ ባትሪ አያለሁ፤ ትንሽ ቆይታ አንዲት ቀጭን ውሃ የመብራቱን ሽቦ ተከትላ ወረደች። ካቻቢቴው የማዕዘኑ እንጨት ውስጥ እስከ እጀታው ገባ። እንጨቱን እንደ ቡና አተላ በእጄ ዘገንኩት። ወደ 60 ሴንቲ ሄዷል፣ አልጋው የተቀመጠበት ሞራሌም አብሮ። አዲሱን ካሮጌው ጋር ጫፍ ለጫፍ ላገናኘው ወይስ ጎን ለጎን ልደርበው?

አናጺ ነኝ፦
ጎን ለጎን። ከጤነኛው እንጨት ጋር ግማሽ ሜትር ያህል ይደራረብ፣ ሙጫና ብሎን። ምስማር እንዳትመታ፣ ይሄ ቤት መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚውለው፣ ይለቅብሃል። ግድግዳውን ከመዝጋትህ በፊት ፎቶ ላክ።