ፋሲካ አልፎም ጾም አልፈታሁም፤ ቪጋን ሆኛለሁ ማለት ነው?

የጀሞዋ፦
ሰላም ለቤቱ። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ፋሲካ ዶሮው ተሠርቶ ቀረበ፤ እኔ አልበላሁም። አኩርፌ አይደለም፣ ስእለትም የለብኝም። ሁዳዴን 55 ቀን ስጾም ሆዴን ቅልል ብሎኝ ነበርና «እስቲ ትንሽ ልቀጥል» አልኩ። ትንሹ ሰባት ወር ሆነ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። ኅዳር 15 የገና ጾም ሲገባ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ እኔ መጣና ሰላም ወረደ። ገና ሲደርስ ግን ጭቅጭቁ ይመለሳል። እናቴ «የፈረንጅ በሽታ ያዛት» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «ቪጋን ነኝ በያ፣ ምን ያሳፍርሻል» ይለኛል። ጥያቄዬ፦ የጾም ምግብ ዓመቱን ሙሉ መብላት ቪጋን ያሰኛል? ደግሞስ ልክ ነው? ስድብ ብቻ ይቅር።

ዲያቆኑ፦
እህቴ፣ ምግቡ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ለየቅል ነው። ጾም ሥጋ መተው ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባልቆየን። ጸሎት አለው፣ ስግደት አለው፣ ምጽዋት አለው። የሚፈታበትም ቀን አለው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የደስታ ጊዜ ነው። ሥጋ አልበላሽም ብሎ የሚከስሽ የለም፤ መነኮሳቱም አይበሉም። ግን «ጾም ላይ ነኝ» አትበይ። ሌላ ስም ፈልጊለት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስሙማ አለ። «ቪጋን» በፈረንጆቹ 1944 እንግሊዝ ውስጥ እነ ዶናልድ ዋትሰን ያወጡት ቃል ነው። ሐሳቡ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር በተቻለ መጠን አለመጠቀም ነው። ሆድ ላይ አያበቃም፤ የቆዳ ጫማም፣ ማርም ይገባበታል።

እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። እዚህ አሜሪካ ምግብ ቤቶቻችን በየአይነቱን «ቪጋን» ብለው ይሸጣሉ። አንድ ማክሰኞ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ ሄድኩ። ፈረንጅ ነው፣ እንቁላል እንኳ አይነካም። ጎመኑ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ ሽታው ነገረኝ። ንጥር ቅቤ! አስተናጋጇን ስጠይቃት «ውይ፣ ትንሽ ናት፣ ለጣዕም ነው» አለችኝ። የጾም ቀን አልነበረማ። ለእኛ በፍስክ ቀን ጎመን ቅቤ ቢነካው ምንም አይደለም፤ ለዚያ ሰውዬ ግን ጉዳይ ነው። «ቪጋን» ብሎ የለጠፈ ሰው ረቡዕም ቪጋን፣ ማክሰኞም ቪጋን ይሁን።

ሽሮ ፈሰስ፦
በማሩ ወደቅን በሉኛ! እኛ ቤት በጾም ብርዝ ይጠጣል። ዓሣውን ደግሞ አታንሱብኝ፤ እሱ ከተነሳ ወሬው እስከ ፋሲካም አያልቅ።

የገበሬ ልጅ፦
እኔ ጎጃም ገጠር ነው ያደግኩት። የምትበሉትን ጤፍ ያረሰው በሬ ነው፤ ለዚያውም ደጋግሞ። አውድማ ላይ በእግሩ እያበራየ የወቃውም በሬ ነው። ጅራፉን ይዤ ከኋላው የዞርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «እንስሳ አልበደልኩም» ብሎ እንጀራ የሚጎርስ ሰው እስቲ በሬውን ይጠይቀው። ይሄ ሕግ በትራክተር አገር የወጣ ነው። አፋሩን ወይ ቦረናውን ወተት ተው በለው ደግሞ። መሬቱ የሚሰጠው ሣርና ቁጥቋጦ ነው፤ እሱን ወደ ምግብ የሚለውጡለት ላሟና ግመሏ ናቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቦረናን ማን ነካ? ልጅቷ ያለችው ጀሞ ነው፣ ከበሯ ሥር አትክልት ቤት አለ። ስለ በሬው ግን… አሰብኩበት። መልስ የለኝም።

የልጆች አባት፦
ተከራከሩ እናንተ። እኔ ቤት ሥጋ የሚገባው ለዓመት በዓል ነው፣ እሱም በቅርጫ። እንቁላሉ ለልጆቹ ነው። እኔን ቪጋን ያደረገኝ ደሞዜ ነው፣ ስም ያወጣልኝ ግን የለም። «ርካሽ ነው» የሚሉትም ዘይት ገዝተው አያውቁም መሰለኝ። ካፌ ገብተሽ የጾም ማኪያቶ ስትጠጪም ያው ነው። ሽሮና ጎመን ላይ ከቆየሽ ይረክሳል፤ የጾም በርገር የጾም ፒዛ ካልሽ ክትፎ ይሻልሻል።

ሰሚራ፦
ሁሉም ጾምና ፍስክ መሀል ቆሞ ነው የሚያወራው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ለእኔ ሽሮ የጾም ምግብ አይደለም፣ ምሳ ነው። ቢሮ ስድስት ሆነን እንበላለን። ሥጋ የመጣ ቀን ትሪው ሁለት ይሆናል፤ የእነሱ ሥጋ ለእኔ አይሆንም፣ የእኔም ለእነሱ። በየአይነቱ የመጣ ቀን አንድ ትሪ ነው፣ ለስልሶዋ እጅ ለእጅ እንጋጫለን። የጀሞዋ፣ ስሙን ተዪውና እንደዚያ ብለሽ አስረጃቸው። ከማንም ጋር መብላት እችላለሁ በያቸው።

ነርሷ፦
እኔን ያሳሰበኝ ስሙ ሳይሆን ደሟ ነው። የጀሞዋ፣ ሰባት ወር ሙሉ ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን ከየት አገኘሽ? ጿሚ ሰው ይፈታል፤ በፍስኩ ወተትና እንቁላል ሲበላ የጎደለው ይሞላል። አንቺ መፍቻ የለሽም። ጉበት ያከማቸው ለዓመታት ሊያቆይ ስለሚችል አሁን ምንም ላይሰማሽ ይችላል። ሲያልቅ ግን ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ መርሳት ይመጣል። ነርቭ ከተጎዳ ደግሞ ሁልጊዜ አይመለስም። «እንጀራ ስለሚቦካ ቢ12 አለው» የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትመኚው። ኪኒኑን ከፋርማሲ ግዢ።

አይረን ጤፍም ምስርም ውስጥ አለ፤ ሰውነት ግን እንደ ሥጋው በቀላሉ አይወስደውም። አዚፋሽ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጊበት፣ እሱ ያግዛል። ቡናና ሻይ ደግሞ ይከለክላሉ፤ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ሕፃን ልጅ በዚህ ላሳድግ ካልሽ ግን ሐኪም ሳታማክሪ እንዳትሞክሪው።

ሽሮ ፈሰስ፦
ቡናዬን አትንኩ። ሌላውን ተስማምቻለሁ።

እማማ ሙሉ፦
(የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።) ልጄ፣ እናትሽን ያስከፋት ወጡ ነው እንጂ ሌላው አይመስለኝም። ቅቤ የሌለው ወጥ አልጣፍጥ የሚለው ሽንኩርቱ ሳይበስል ዘይት ስለሚደፋበት ነው። ሽንኩርቱን ድቅቅ አድርገሽ ክተፊ። ያለ ዘይት ድስቱ ላይ ጣጂው። ሲይዝብሽ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አማስይ። ግማሽ ሰዓት ይፍጅ፣ አትቸኩይ፤ ቀልጦ እንደ ገንፎ ሲሆን ያን ጊዜ ዘይት።

ዘይቱንም ባዶውን አይደለም። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ ቁንጥር አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሪበትና በለዘብተኛ እሳት አሙቂው። ቅቤ እንደምታነጥሪ ማለት ነው። አጥልለሽ በጠርሙስ አስቀምጪ። ሽሮ ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ ብታደርጊበት ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ ማንም አያውቅብሽም።

ሽሮሽን ደግሞ ራስሽ አስፈጪ። ርካሹ ሽሮ ጓያ ሊገባበት ይችላል። በችግር ዘመን ጓያ ብቻ ሲበሉ ከርመው እግራቸው የተያዘ ሰዎች አይቻለሁ።

ነርሷ፦
እማማ ልክ ናቸው። አንድ ቀን ስለተበላ አይደለም የሚጎዳው፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። አንቺ ግን ሽሮ በየቀኑ ነው የምትበይው፣ ስለዚህ ምክራቸውን ስሚ።

ዲያቆኑ፦
የሰሚራን ወድጄዋለሁ። እኔም የከለከልኩት ስሙን እንጂ ሽሮውን አይደለም። እማማ ግን አንድ ነገር፦ አሁን ጾም ላይ ነን። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ሲሸት እናትየው ምን ሊሉ ነው?

የጀሞዋ፦
ጋሼ ዲያቆን፣ አስቀድመው ነገሩኝ እኮ፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት! የእማማን ዘይት ትናንት ሠራሁ። ሽሮው ሲንተከተክ ሽታው ሳሎን ድረስ ሄደ። እናቴ አንድ ጉርሻ ወደ አፏ ልታደርስ ስትል ቆመች። እንጀራውን አስቀመጠችና «በጾም? በኔ ቤት?» አለች። እጇን ታጥባ ልትነሳ ስትል ጠርሙሱን አምጥቼ አሳየኋት። አሸተተችው፣ ጣቷን ነክራ ቀመሰችው፣ ኮሰረቱን ከነስሙ ጠራችው። ከዚያ ተቀመጠች። ዛሬ ጠዋት ጠርሙሱን ሳየው ግማሽ ሆኗል፤ ለአክስቴ ልካላታለች።

ቢ12ቱን ገዝቻለሁ፣ ነርሷ አመሰግናለሁ። «ጾም ላይ ነኝ» ማለትም ትቻለሁ። «ቪጋን» የሚለው ግን አፌ ላይ አልመጣ ብሎኛል፣ የዚያ በሬ ነገር ነው መሰለኝ። ለገና እነሱ ዶሮ ሲሠሩ እኔ የእንጉዳይ ጥብስ ላደርግ አስቤያለሁ። እንጉዳዩ ውሃ እንዳይለቅብኝ ምን ላድርግ?

እማማ ሙሉ፦
ብረት ምጣድ፣ ጠንካራ እሳት፣ ጨው መጨረሻ ላይ። ብዙውን ባንዴ አትጨምሪ።