የንባብ ፕሮፖዛሉ፦ ሃሳብ ያለው አሁን ይናገር

ጸሐፊ፦ ፕሮፖዛሉ ዓርብ ለስፖንሰሩ መግባት አለበት። ጉዳዩ ያው ባለፈው የተባለው ነው፣ ለድሮ ትምህርት ቤታችን የ11ኛ ክፍል ልጆች የመርማሪ አጫጭር ልብወለዶች ንባብ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ። ቲቸር ረቂቁን ለጥፊው።

ቲቸር፦ የምንጀምረው ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1891 ስትራንድ መጽሔት ላይ ባወጣው በቀይ ጸጉራሞቹ ማህበር ታሪክ ነው። አንድ በመያዣ የሚያበድር ባለሱቅ ጸጉሩ ቀይ ስለሆነ ብቻ በሳምንት 4 ፓውንድ እየተከፈለው ቁጭ ብሎ ኢንሳይክሎፒዲያ እንዲገለብጥ ይቀጠራል፣ 8 ሳምንት ከሠራ በኋላ አንድ ጠዋት ሲሄድ በሩ ተቆልፎ ማህበሩ ፈርሷል የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያገኛል። እዚህ ጋ አቁሜ ለዚህ ሥራ ማን ነው ብር የሚያወጣው ብዬ ስጠይቅ አንድ ገጽ ጨርሶ የማያውቅ ልጅ እጁን ያወጣል። መርማሪው ሸርሎክ ሆልምስ ሱቁ ሄዶ የረዳቱን ሱሪ ጉልበቱ ጋ ያያል፣ መንገዱን በዱላው ይመታል፣ በቃ። ልጆቹም ያንኑ አንብበዋል፣ ምንም አልተደበቀባቸውም፣ ግን ያየውን የሚያገናኘው እሱ ነው። የመጨረሻዎቹን ገጾች የምሰጣቸው በሳምንቱ ነው፣ እስከዚያ ሲከራከሩ ይክረሙ። የምጠይቀው የፎቶኮፒ ብር ብቻ ነው።

የ89 ባች፦ ፈቃዱስ? በኋላ ክስ እንዳይመጣ።

ቲቸር፦ ደራሲው የሞተው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፣ የባለቤትነት መብቱ ካለቀ ቆየ። ትርጉሙን ደግሞ ራሳችን ነው የምንሠራው፣ ከማንም አናነሳም።

ከዲሲ፦ ትርጉሙን ለኔ ተዉት፣ እሁድ እልካለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቆይ፣ ረቂቁ ሽፋን ላይ ያለው ሥዕል ምንድነው? ሰውዬው ፒፓ አፉ ላይ ሰክቷል። ለተማሪ ነው እኮ የምንለጥፈው!! እኔ በዚህ ላይ አልፈርምም።

የ89 ባች፦ ሸርሎክ ሆልምስን ያለ ፒፓ ማን ያውቀዋል?

ገንዘብ ያዥ፦ አዋጅ 1112/2011ን አንብብ፣ የትምባሆ ማስታወቂያ ክልክል ነው። ስፖንሰሩ ይሄን ቢያይ ብሩን ይከለክለናል፣ ተጠያቂው ደግሞ እኔ ነኝ።

የ89 ባች፦ ማስታወቂያ ሌላ ሥዕል ሌላ! ለነገሩ ያ ቆልማማ ፒፓ ደራሲው የጻፈው አይደለም፣ ዊልያም ጂሌት የሚባል አሜሪካዊ ተዋናይ መድረክ ላይ ይዞት ነው የተለመደው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ማውጣት ምን ያስቸግራል?

ቲቸር፦ ሥዕሉን አውጡት ግድ የለኝም። ግን ታሪኩ ውስጥም አለ እኮ፣ ሆልምስ ይሄ ነገር ሦስት ፒፓ ያስጨርሳል ብሎ ጓደኛውን ዋትሰንን ለ50 ደቂቃ እንዳታናግረኝ ይለዋል። እሱንም ልቆርጠው ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ቁረጪዋ፣ ምን ይጎድላል።

ቲቸር፦ ልጆቹ ከታሪኩ የሚማሩት እኮ እሷን ነው፣ ሰውዬው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲያስብ። 50 ደቂቃ ዝም ብሎ የሚያስብ ልጅ የት አለን አሁን? ከጽሑፉ አንድ መስመር የሚቆረጥ ከሆነ እኔን ተዉኝ።

የ75 ባች፦ ልጆች ተረጋጉ። ቲቸር፣ አንቺም አትቆጪ። እኔ የምለው ለምን ፈረንጅ እንለጥፋለን? እኛ አገር አውጫጭኝ ነበር፣ ሌባው እስኪወጣ አገር ተሰብስቦ አይበተንም። ሌባሻይም ነበር። ልጆቹ ይሄን ይዘው ራሳቸው ታሪክ ይጻፉ።

ቲቸር፦ ጋሼ፣ ሌባሻይ ማለት ትንሽ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ መልቀቅ ነው፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ማስረጃ የለ፣ ክርክር የለ። የመርማሪ ታሪክ ልጆቹ እንዲያነቡ የምፈልገው ለዚሁ ነው፣ ሰውዬው እንዴት እንደደረሰበት መጨረሻ ላይ አንድ በአንድ ያስረዳል፣ ያላሳመነው አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይችላል። ግን ልክ ነዎት፣ ሁለቱን አወዳድረው ቢጽፉ ጥሩ ሥራ ይወጣዋል። ካነበቡ በኋላ።

የ89 ባች፦ የጋሼ ሃሳብ አሪፍ ነው፣ ውድድር እናድርገው። ስፖንሰር የሚወደው ሽልማት ነው፣ ፎቶ አለው። ንባብ ምኑ ይነሳል?

ገንዘብ ያዥ፦ ውድድር ከሆነ እኔም እስማማለሁ። የፒፓውም ጣጣ ይቀራል። ቲቸር ቅድም ኃይለ ቃል ተናግሬ ከሆነ ይቅርታ፣ ብሩ በኔ ስም ስለሚገባ ነው።

ቲቸር፦ ችግር የለም። ንባቡ ግን እንዳይወጣ፣ ሳያነቡ ምን ይጽፋሉ?

ጸሐፊ፦ አይወጣም። ርዕሱን "የአጭር ልብወለድ ጽሑፍ ውድድር" ብዬዋለሁ፣ ንባቡ "ቅድመ ዝግጅት" የሚለው ሥር ገብቷል። ሽፋኑ ላይ አጉሊ መነጽር ብቻ። ከዲሲ፣ ትርጉሙ የት ደረሰ? እሁድ አልፏል።

የ89 ባች፦ ኦንላይን ነበር አሁን። ደወልኩለት አያነሳም።

የ75 ባች፦ ሽልማቱ ላይ የባቾቹ ስም ይጻፍ። የኛ ባች የላይብረሪውን መደርደሪያ ሲያሠራ ስሙ እንኳ አልተጻፈም፣ እስካሁን ያናድደኛል።

የ89 ባች፦ የሁሉም ባች ይጻፍ እንጂ! የኛም አስተዋጽኦ ነበረው።

ቲቸር፦ የቅድመ ዝግጅቱ በጀት ባዶ ነው የሚታየኝ። ፎቶኮፒው የት ገባ?

ገንዘብ ያዥ፦ ለዋንጫው ስላልበቃ አዛወርኩት። ታሪኩን በስልካቸው ያንብቡት።

ቲቸር፦ ግማሾቹ ስልክ የላቸውም። ደግሞ መጨረሻውን እንዴት ነው የምይዝባቸው ሙሉው ስልካቸው ላይ ካለ? ዋንጫው ትንሽ ይሁን፣ ፎቶኮፒው ይመለስ። ትርጉሙንም ሰው ከጠፋ እኔ ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ።

ጸሐፊ፦ ስለ ዋንጫው መጠን ድምፅ እንስጥ። ትልቅ የሚል 1፣ ትንሽ የሚል 2።

የ75 ባች፦ 1

የ89 ባች፦ 1፣ ግን የባች ስም ቅደም ተከተል መጀመሪያ ይወሰን።

ቲቸር፦ 2