ቀላል ችፌ ጤና ኬላ ላይ ይታከም ወይስ አይታከም?

መምህርት ከባሕር ዳር፦
ባለፈው ሳምንት እህቴ ከደቅ ደሴት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ 4 ዓመቱ ነው። የክርኑና የጉልበቱ መታጠፊያ ወፍሯል፣ ጠቁሯል፣ ሲነኩት ይሻክራል። ሌሊቱን ሲያክ ያድራል፣ እሷም አብራው ታድራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጭርት ነው» እየተባለ የጭርት ቅባት ሲቀባ ኖሯል። እዚህ የቆዳ ሐኪም አየውና ወዲያው «ችፌ ነው» አለ። ያዘዘለት ሃይድሮኮርቲዞን ክሬምና ቫዝሊን ነው። ሌላ የለም። ለዚህ ነው ጀልባ ጠብቃ፣ ሥራ ፈትታ፣ ልጅ አዝላ የመጣችው። ቫዝሊኑን ደግሞ «ይሄ መዋቢያ ነው፣ በመድህን አይሸፈንም» ብለዋት ከኪሷ ገዛች።

እኔ የምለው ይሄን ነው። ቀላል ችፌን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለይተው እንዲያክሙ ይፈቀድላቸው። ቫዝሊንም ችፌ ላለበት ሰው እንደ መድኃኒት ይቆጠር። ምን ትላላችሁ?

ፋርማሲስቱ፦
እህቴ፣ ልጁን እግዜር ይማርልሽ። በሐሳብሽ ግን አልስማማም። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምውለው። ስቴሮይድ የሚባሉትን የሃይድሮኮርቲዞን ዘመዶች፣ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶልን፣ ያለ ማዘዣ ስጠኝ የሚለኝ ሰው ብዛቱ አያድርስ ነው። አንዱ ለእከክ ይላል፣ አንዷ ለፊት ማጥሪያ ትላለች። ስከለክላቸው ሌላ ቦታ ሄደው ያገኙታል። ከወራት በኋላ ፊታቸው ሳስቶ፣ ብጉር ወርሶት፣ ደም ሥሩ እየታየ ይመለሳሉ። ሌላም አለ። ጭርት ላይ ስቴሮይድ ስትቀቢ ማሳከኩ ለጊዜው ይበርዳል። ፈንገሱ ግን እየሰፋ ይሄዳል፣ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪሙን ራሱ ያሳስታል። ችፌውን ጭርት ብለው ልጁን ሁለት ዓመት አንገላቱት። ጭርቱን ችፌ ቢሉትስ? በሩን የባሰ አንከፍተው።

ነርስ ከጤና ጣቢያ፦
ፍርሃትህ ይገባኛል፣ እኔም እነዚያን ፊቶች አይቻለሁ። ግን 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ከስቴሮይዶቹ ሁሉ ደካማው ነው። ክሎቤታሶል ደግሞ ከኃይለኞቹ አንዱ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርተን መከልከል የለብንም።

ትልቁ ችግር ያለው መለየቱ ላይ ነው። እኛ ስንማር ያየናቸው ሥዕሎች የነጭ ሰው ቆዳ ነበሩ። «ቀይ ሽፍታ ፈልጉ» ተባልን። እኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ በደንብ አይታይም። ጠቆር ይላል፣ አመድማ ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። ጥቃቅን ፍንጣቂ ሆኖ በጸጉሩ ሥር ሥር የሚወጣበትም ሰው አለ። ቀይ የፈለገ ባለሙያ «ብዙም አልባሰበትም» ብሎ ይሸኛል። ሲድን ደግሞ ቦታው ነጣ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ያኔ ቤተሰቡ «ለምጽ ያዘው» ብሎ ይደነግጣል። ነጣ ያለው በጊዜ ብዛት እንደሚመለስ የሚነግራቸው ሰው የለም። አንዲት እናት በዚህ ምክንያት ሴት ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታት አግኝቻለሁ። ልጅቷ ደህና ነበረች።

ይሄ ደግሞ በሥልጠና ይስተካከላል። ታንዛኒያ ሞሺ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን በቆዳ በሽታ የሚያሠለጥን ማዕከል አለ። ሰዎቹ ወደየገጠሩ ተመልሰው ይሠራሉ።

ፋርማሲስቱ፦
የሞሺው ሥልጠና ሁለት ዓመት ነው። አንቺ የምታወሪው ግን ስለ ኤክስቴንሽኗ ነው። ክትባቱም፣ ወሊዱም፣ ወባውም፣ መጸዳጃ ቤቱም እሷ ላይ ነው ያለው። አሁን ደግሞ ቆዳ እንጨምርባት?

አስጋሪው፦
የእኔ እጅ ክረምት ከበጋ ውኃ ውስጥ ነው። ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል፣ መረብ ስጎትት ይደማል። ችፌ መሆኑን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ፀበል ተጠመቅሁ፣ ቅጠልም አሰርሁበት። ፀበሉን አሁንም አልተውም። ግን ማታ እጄን በቫዝሊን ቀብቼ መተኛት እንደሚረዳኝ ቀደም ብሎ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ!

የፎገራ ልጅ፦
ስለ መድህኑ ልናገር። የማኅበረሰብ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ፎገራ ነበረች። የእኛም ቤት አባል ነው። ገንዘቡ የገበሬ መዋጮ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ቫዝሊን ሱቅ የሚሸጥ ነገር ነው። ይሸፈን ከተባለ ቆዳው የደረቀ ሁሉ ይጠይቃል። ኦፕራሲዮን ለሚያስፈልገው ሰው ምን ይቀራል?

ነርስ ከጤና ጣቢያ፦
ወንድሜ፣ ሒሳቡን ገልብጠህ እየው። ችፌ ያለበት ልጅ ቆዳው ውኃ አይዝም፣ ስለዚህ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ገላውን በለብታ ውኃ ታጥቦ፣ ሳይደርቅ ወዲያው ሲቀባ በሽታው ቶሎ ቶሎ አያገረሽም። ስቴሮይዱም ይቀንሳል። ቫዝሊኑን ካጣ ያክካል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል። ከዚያ አንቲባዮቲክ፣ ከዚያ ሪፈር። ያንን ሁሉ መድህኑ ይከፍላል። ሱቅ መሸጡ ደግሞ መድኃኒትነቱን አያስቀረውም። በምርመራ ካርድ ለተመዘገበ ችፌ ብቻ ይሰጥ ብንልስ?

የፎገራ ልጅ፦
በካርድ ከሆነ ይታሰባል።

መምህርት ከባሕር ዳር፦
አንድ ነገር ልጨምር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ የቆዳ በሽታዎች የዓለም የጤና ትኩረት እንዲሆኑ ውሳኔ አሳልፏል። ስለዚህ ጥያቄዬን እንደ ቅንጦት አትዩብኝ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ለከባድ ችፌ በመርፌ የሚሰጥ አዲስ መድኃኒት ፈቅዳለች። እኔ እሱን አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት አንድ ብልቃጥ ቫዝሊንና «ይሄ ጭርት አይደለም» የሚል ሰው ነው።

ፋርማሲስቱ ስለ ኤክስቴንሽኗ ያለው ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። እንዲህ ቢሆንስ? ጤና ኬላ ላይ ትጠርጥር፣ አስተጣጠቡን ታስተምር፣ ቫዝሊን ትስጥ። ክሬሙን የሚያዘው የጤና ጣቢያው ነርስ ይሁን። ስፔሻሊስት ጋ የሚሄደው በዚያ ያልተሻለው ብቻ ይሁን።

ፋርማሲስቱ፦
ጤና ጣቢያ ከሆነ እስማማለሁ። 1 በመቶውን ብቻ፣ ለተወሰነ ቀን፣ መጠኑም ተነግሮ። ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የወጣ ክሬም ሁለት የአዋቂ መዳፍ ለሚያህል ቦታ ይበቃል። ይሄን የማይናገር ሰው ባያዝ ይሻላል። ክሬሙን ኬላ ላይ ማስቀመጡን ግን አሁንም አልደግፍም።

የፎገራ ልጅ፦
የመድህን መታወቂያ ሲታደስ ቀበሌያችን ሰው ይሰበስባል። የቫዝሊኑን ነገር በአንድ ገጽ ጻፉልኝ። ቆሜ አነበዋለሁ።

ነርስ ከጤና ጣቢያ፦
ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ። መምህርት፣ እህትሽ ከፈቀደች የልጁን ታሪክ ያለ ስሙ ላስገባው?