ካሎ ከመታጠሩ በፊት አፈሩን እንይ፦ ለቦረና ግጦሽ የጋራ ዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ ወገኖች፣ የዕቅዱ ረቂቅ «በያቤሎ ዙሪያ የተራቆተውን ግጦሽ በካሎ (ከብት እንዳይገባበት በታጠረ የግጦሽ መሬት) እንከልላለን፤ ሣሩ ራሱ ይመለሳል» ይላል። ማሻሻያ ያላችሁ እስከ ዓርብ ጻፉ።

የሣር ባለሙያ፦ «ሣሩ ራሱ ይመለሳል» የሚለው ይውጣ። እንደ አላሎና ማታ ጉዴሳ ያሉት ከዓመት ዓመት የሚዘልቁ ሣሮች ዘራቸው አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም። ፍሬ ሳይሰጥ ለዓመታት በተጋጠ መሬት ውስጥ የሚቀረው በአብዛኛው የዓመታዊ ሣርና የአረም ዘር ነው። አጥር ከብት ይከለክላል እንጂ የሌለ ዘር አያበቅልም። መጀመሪያ አፈሩ ይመርመር፤ የአላሎና የማታ ጉዴሳ ዘር ከታጣ የዘር በጀት ይያዝ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። አፈሩ ውስጥ ያለውን ዘር አብቅሎ የመቁጠሩ አሠራር እንዲህ ቢጻፍ፦ አፍ ስፋቱ 5 ሴ.ሜ በሆነ ቱቦ ከአንድ ቦታ 10 ናሙና፣ ከ0–5 እና ከ5–10 ሴ.ሜ ጥልቀት ለየብቻ። የአሥሩ የላይኛው አፈር ተደባልቆ አንድ ሊትር ገደማ ይወጣዋል። 25 በ40 ሴ.ሜ በሆነ ትሪ፣ ውስጡ ያለው ዘር በሙቀት በተገደለ አሸዋ ላይ ሲዘረጋ 1 ሴ.ሜ ይወፍራል። ከዚያ ከወፈረ ከታች የቀረው ዘር ሳይበቅል «የለም» ተብሎ ይመዘገባል። አሸዋ ብቻ የያዙ ትሪዎችም በመሀል ይቀመጡ፤ እዚያ የበቀለው ንፋስ ያመጣው ነው። የሣር ቡቃያ ሁሉ ስለሚመሳሰል ያልታወቀው ቁጥር ተሰጥቶት እስኪያሸት ማሰሮ ውስጥ ይደግ። ቡቃያ ሲያቆም አፈሩ ተገላብጦ እንደገና ውኃ ይጠጣ።

ሒሳቡ ላይ አደራ! የ10 ናሙና ስፋት 196 ካሬ ሴ.ሜ ብቻ ነው፤ አንዲት ቡቃያ በካሬ ሜትር 51 ሆና ትወጣለች። ሠንጠረዡ ላይ የተቆጠረው የቡቃያ ብዛት ራሱ ይቀመጥ።

የግጦሽ ባለሙያ፦ ጊዜውን ልጨምር። የካቲት መጨረሻ፣ ገና ዝናብ ሳይጥል የሚወሰደው ዝናቡ የሚያገኘውን ዘር ያሳያል። ቡቃያው ወጥቶ አዲስ ዘር ሳይረግፍ፣ ሚያዝያ ላይ የሚወሰደው ደግሞ አፈር ውስጥ የሚከርመውን። ሁለቱም ያስፈልጉናል። የማታ ጉዴሳ አዲስ ዘር ሳይበቅል ለወራት ስለሚተኛ፣ ዘር እንደረገፈ የተወሰደ አፈር ወዲያው ትሪ ላይ ከወጣ ውጤቱ ያሳስታል። የግራር ዘርም ልጡ ጠንካራ ስለሆነ ውኃ ብቻ አያነቃውም፤ ከቆጠራው በኋላ አፈሩ በወንፊት ይነፋ፣ የተገኘው ዘር በመርፌ ይፈተሽ። ይህ ከቀረ ቁጥቋጦው ተመልሶ የሚወርበትን መሬት ንጹሕ ነው ልንል ነው።

የያቤሎ አባል፦ ቦታው ከጃርሳ ዴዳ (ግጦሹን ከሚያስተዳድሩት ሽማግሌዎች) ጋር ይመረጥ፤ የትኛው መሬት መቼ እንደተጋጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከኩሬው አጠገብ፣ ከመካከልና ከሩቅ ይወሰድ። አንድ ካሎ ውስጥ 40 ጉድጓድ መቆፈር ስለ አንድ ካሎ ብቻ ነው የሚነግረን፤ ቢያንስ 4 ካሎና ከየአንዳንዱ ጎን ክፍት ግጦሽ ይኑር። ከቁጥቋጦ ጥላ ሥርና ከገላጣው የተወሰደውም አይደባለቅ፤ ንፋስና ጎርፍ ዘሩን የሚያከማቹት ጥላው ሥር ነው።

የሣር ባለሙያ፦ ዘር መዝራት ካስፈለገ፣ የማታ ጉዴሳ ዘር ጸጉራም ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከደረቅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ይበተን። መሬቱ አስቀድሞ በትንሹ ይጫር፤ ዘሩ ከ1 ሴ.ሜ በላይ አይቀበር።

አስተባባሪ፦ ሁሉም ገብቷል። ካሎው 4 ከሆነ፣ ከጎኑ ክፍት ግጦሽ፣ በሁለት ጥልቀትና በሁለት ጊዜ 32 ትሪ ነው፤ ጥላና ገላጣ ሲለይ 64። የኩሬው ርቀት አልተቆጠረም። ግሪንሃውስ ያላችሁ ስንት ትሪ እንደሚይዝ እስከ ዓርብ አሳውቁ።