አራስ እህቴ ቀና ማለት አቃታት፤ የምታውቁ እርዱን

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። እህቴ በሰላም ተገላገለች፤ ልጁም ደህና ነው። ለምጡ ማስታገሻ ኤፒዱራል (በወገብ በኩል በቀጭን ቱቦ የሚገባ ማደንዘዣ) ተሰጥቷት ነበር። ቀጭኗን ቱቦ ሲያስገቡ መርፌው ትንሽ አልፎ የአከርካሪውን ፈሳሽ የያዘውን ሽፋን እንደበሳው ነግረውናል። በማግስቱ ራስ ምታቱ ጀመራት።

ስትተኛ ይተዋታል። ልጁን ልታጠባ ቀና ስትል ግን ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ሰቅዞ ይይዛታል። አጥሚቱን እንኳ ተጋድማ ነው የምትጠጣው። ጎረቤት «ምች መቷት ነው፣ ዳማከሴ እሹላት» ይላል። እኔ ግን ፈሳሹ በቀዳዳው እየወጣ ይመስለኛል። ፓራሲታሞልም ቡናም ብዙ አልረዷት።

ከክንዷ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ተወስዶ በወገቧ በኩል ቢሰጣት ቀዳዳውን እንደሚደፍነው አንብቤያለሁ። ይህ የተደረገላት አለች? እዚህ ጎንደር የሚሠራልን ሰመመን ሰጪ ሐኪም ይገኛል ወይስ ባሕር ዳር እንውሰዳት? ያን ሁሉ መንገድ ተቀምጣ እንዴት ትችለዋለች?

ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ የእግር መዛል፣ መንቀጥቀጥ ወይም የሽንት እምቢ ማለት ከመጣ ውለን ሳናድር ሐኪም ቤት እንሮጣለን፤ እስካሁን የለም። እባካችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ እናቶችና የሙያው ሰዎች ንገሩኝ።